ሁለቴ የመለስኩት ሐዲድ

መርዶው የደረሰኝ ሰኞ ማለዳ ነው፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ። የግቢው በር ተንኳኳ፣ ከዚያ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ዝምታ ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቀዋል፣ እኔም አላጣሁትም። በሩን ስከፍት አከራዬ እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ጨብጠው፣ ርዕሰ መምህራችን ጓድ ታምሩ ደግሞ ያንን የማይለቃቸውን ካኪ ለብሰው ቆመዋል፣ ከኋላቸውም አምስት ስድስት መምህራን አንገታቸውን ደፍተዋል። ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«አባባ ነው አይደል? ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ጓድ ታምሩ ወደ ቄሱ ዞሩ፣ ቄሱ ወደ እትዬ አሰለፈች። «ማነው አፉ ያመለጠው?» አሉ ቄሱ በሹክሹክታ፣ ቁጣም ሐፍረትም ይዟቸው፤ መርዶ በወጉ ሳይረዳ ማምለጡ ነውር ነዋ። እመኑኝ፣ ማንም አልነገረኝም። ስልኩ ለጓድ ታምሩ የተደወለው እሑድ ማታ ነው፣ እሳቸው ለቄሱ ነግረው፣ ቄሱ ለእትዬ አሰለፈች፣ መምህራኑ የሰሙት ወደ እኔ ሲመጡ መንገድ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ከነዚህ ከሦስቱ በቀር አርባ ምንጭ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እትዬ አሰለፈች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ «ያን ዕለት እኮ እኛ አንቺን ሳይሆን አንቺ እኛን ነው ያረዳሽን» ይሉኝ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በጸሎት አምናለሁ፣ ግን «በሕልሜ ታየኝ»፣ «ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በትሕትና ወሬ የምቀይር ዓይነት ነበርኩ፣ የማስተምረውም ሒሳብና ንድፍ ነው፣ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ የሥራዬ ጠባይ ነው። ሌሊት የሆነ ነገር ቢሆን እንኳ እንቅልፍ ነው ብዬ በተውኩት። ግን ቀን ነው የሆነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፣ ለገሃር ጀርባ። አባባ ሐዲድ ቀያሪ ነበር፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ የቆላ ጣቢያ፤ ሐዲዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ትልቁን የብረት ማንሻ ስቦ ባቡሩን ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚመራ ሰው ማለት ነው። ልጅ ሆኜ በእረፍት ወደዚያ ሲወስደኝ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ሐዲዱ ላይ ይዘረጋና የኔንም ትንሽ እጅ ወስዶ አጠገቡ ያስቀምጣል። «ሐዲድ በዓይን አይታመንም፣ በመዳፍ ነው» ይለኛል፣ እውነትም ባቡሩ በተራራው ጀርባ ገና ሳይታይ ብረቱ እንደ ድመት ሆድ ውስጥ ለውስጥ ሲያንጎራጉር ይሰማኝ ነበር። መጠጥ የሚባል አፉ ገብቶ የማያውቅ፣ ሰዓቱን በቀን ሦስቴ የሚያስተካክል ሰው ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገኛል።

እኔን ደግሞ ዕጣዬ ባቡር ወደማያውቀው አገር ጣለኝ። አርባ ምንጭ ተመደብኩ፣ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ክረምት ክረምት ብቻ ወደ ቤት እሄዳለሁ። በዚያ ክረምት ግን ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሳለ ጓድ ታምሩ አስጠሩኝ፣ ለአብዮት በዓል በሚደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ትምህርት ቤታችን «ነገ አርባ ምንጭ» የሚል ሥራ እንዲያቀርብ ታዟል አሉኝ።

«ባቡር ነው የምናሳየው» አሉ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመቱ። «ባቡር አርባ ምንጭ ሲገባ! አንቺ የባቡር አገር ልጅ አይደለሽ?»

«ጓድ፣ እኔ እኮ ነገ ወደ ቤት ልሄድ...»

«ጓድ አልማዝ፣ አብዮቱ ክረምት የለውም።»

በቃ፣ ቀረሁ። ለአባባ ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ፣ እግረ መንገዴንም ስለ ሥራው ነገርኩት። የተሰጠኝ ቦታ የዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ነው፣ የተሰጠኝ ጠረጴዛ ደግሞ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ግማሽ፣ ሌላውን ግማሽ ምስጥ በልቶታል። ባቡሩ የራሴ ነው፣ አባባ ድሮ ከጅቡቲ ያመጣልኝ፣ በቁልፍ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ ባቡር፣ ሁለት ፉርጎ ይጎትታል፤ ሴት ልጅ በሠላሳ ዓመቷ መጫወቻ በሳጥን ይዛ ትዞራለች ብላችሁ አትሳቁብኝ፣ ሰው አገሩን የሚይዘው በሚችለው ነው።

አባባ በሳምንት ውስጥ መለሰልኝ፣ ደብዳቤው በሹፌር እጅ መጣ፣ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ መቅረትሽ ከፍቶኛል፣ ሥራሽ ግን አስደስቶኛል። ጠባብ ቦታ ላይ ሐዲድ የሚዘረጋ ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ሁሉንም ላስገባ ማለቱ ነው። ባቡር እንደ ፍየል አይታጠፍም። መጀመሪያ መታጠፊያሽን ፈልጊ፣ ጣቢያው በተረፈው ቦታ ይቀመጣል። ባቡሩን በእጅሽ ገፋ አድርጊው፣ ካጉረመረመብሽ ጠቦታል ማለት ነው፣ አስፊለት። ደግሞ ጥግም ላይ ቢሆን፣ አንድ ክንድም ብትሆን፣ ማምለጫ መስመር አትርሺ። ማምለጫ የሌለው ሐዲድ ሐዲድ አይባልም።»

ማምለጫ መስመር የሚለው ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ትንሽ ሄዶ አሸዋ ክምር ውስጥ የሚያልቀውን አጭር መስመር ነው። ፉርጎ ተበጥሶ ቁልቁል ቢመጣ ሐዲድ ቀያሪው ወደዚያ ይመራዋል፣ ፉርጎው አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፣ ጣቢያው ላይ የቆመው ባቡር ይድናል።

እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። አረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ነደፍኩ፤ መታጠፊያውን ሦስት ስንዝር ሳደርገው ጠርዙ ላይ ደረሰብኝ፣ ሁለት ሳደርገው የኋላው ፉርጎ ከጠመኔው መስመር ወጣ፣ በሁለት ተኩል ተስማማን። ሐዲዱ ዓባያን በቀኝ፣ ጫሞን በግራ ትቶ በመሐላቸው ባለው ከፍታ ላይ ያልፋል፣ እግዜር ድልድይ በምንለው ላይ፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ጣቢያው ይገባል፣ ዞሮም ወደ መነሻው ይመለሳል። ከጣቢያው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ውስጥ የምትገነጠል፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ማምለጫ መስመር አስገባሁለት።

ጓድ ታምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩት።

«እግዜር ድልድይ ብለሽ እንዳትጽፊበት፣ ድልድይ በይው፣ ይበቃል። ይሄስ ምንድን ነው?»

«ማምለጫ መስመር ነው ጓድ።»

«ከምን ነው የሚያመልጠው?»

«ከአደጋ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ አሸዋ።»

«ወደ አሸዋ!» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ አልማዝ፣ ካድሬው መጥቶ 'ነገ አርባ ምንጭ' የሚለውን አንብቦ፣ ጎንበስ ሲል ባቡሩ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሊያገኘው ነው? እንጀራዬን ነው የምታበላሺው። አጥፊው!»

እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ አጠፋሁት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው። ሐዲዱን የሚሠሩልኝ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ የዶርዜ ሰው ነበሩ፣ ቤትም አጥርም ከቀርከሃ የሚሠሩ፣ እጃቸው የተባረከ፣ ባቡር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ። ጠመኔውን ስነድፍ አይተው ቀርከሃ ሊያመጡ ወደ ደጋ ወጥተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ እሳቸው ግምጃ ቤቱን አስከፍተው ሥራቸውን ጀመሩ፤ በውኃ የጠፋ ጠመኔ ደግሞ ሲደርቅ ጥላው ተመልሶ እንደሚወጣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው አይነገርም። ስደርስ ማምለጫ መስመሯ በተሰነጠቀ ቀርከሃ አምራ፣ ታጥፋ፣ በሚስማር ተመትታ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ አንጁሎ! ይህቺን እኮ አጥፍቻት ነበር።»

«አጠፋሽ?» ጎንበስ ብለው አዩ። «ውኃ ነው ያፈሰስሽ። እኛ አገር ሰው መንገድ ሲዘጋ እሾህ ያጋድማል። እኔ እሾህ ፈለግሁ፣ የለም። የለም ማለት መንገዱ ክፍት ነው።»

«አሁን ይንቀሉት እንግዲህ።»

«ቀርከሃ አንዴ ጎንበስ ካለች ቀና ስትል ትሰበራለች፣ ቲቸር።» ከዚያ ሳቅ አሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። «ደግሞ ይሄኛው ይሻላል። ያኛው ዞራ ዞራ እዛው መጣች። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ምንም ሳይገዛ ቤቱ ከገባ፣ ገበያ ሄድኩ ይላል?»

ጓድ ታምሩን በስንት ልመና አስማማኋቸው፦ መስመሯ ባለችበት ትቆይ፣ ግን የላንቴ ሙዝ እርሻ ብለን በአረንጓዴ ወረቀት እንሸፍናት፣ መቀየሪያውም ሁልጊዜ ወደ ዋናው መስመር ይሁን። «ሁልጊዜ ቀጥ!» አሉኝ ጣታቸውን እየወዘወዙ። መቀየሪያው በአንድ ሚስማር ላይ የሚዞር የቀርከሃ ምላስ ነው፣ የስንዝር ግማሽ፣ ከጎኑ ለማንሻ ያህል ጠንከር ያለ ሽቦ አቁሜለታለሁ።

ወደዚያ ረቡዕ ልምጣ። ቅዳሴ ቀረሁ ያን ዕለት። ይህን ብደብቅ ማንም አያውቅብኝም፣ ግን የጀመርኩትን እውነት ልጨርስ፣ ፍልሰታ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አጓድዬ አላውቅም፣ ሆኖም ጓድ ታምሩ አሥር ሰዓት ላይ ካድሬውን ይዘው ሊመጡ ነውና ወረቀቱ አልተለጠፈም፣ ዓባያም፣ ውኃው ቀላ ያለ ነውና፣ ገና ቀዩን ቀለም አልተቀባም። በባዶ ሆዴ ስባክን ዋልኩ። ጋሽ አንጁሎ የጴንጤ አማኝ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ እየሰነጠቁ፣ «ቲቸር፣ ዛሬም አልበላሽም? ጌታ የሰጠውን ሙዝ ማን ከለከለ?» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔም «እርስዎ ይብሉልኝ» እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባቡሩን ጠምዝዤ ለሙከራ ለቀቅሁት። ሁለት ዙር ደህና ዞረ። በሦስተኛው ድልድዩ ላይ ሲወጣ የፉርጎዎቹ መንጠቆ አመለጠ፣ ሁለቱ ፉርጎዎች ከላይ ቀሩ፣ ባቡሩ ብቻውን ወርዶ ጣቢያው ደረሰና ጉልበቱ አልቆ ቆመ። መንጠቆውን ላስተካክል እጄን ስዘረጋ መዳፌ ቀርከሃው ላይ አረፈ።

ቀርከሃው ያንጎራጉር ነበር።

እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አሳረፍኩ። ያው ነው፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ፣ ስሱ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የለም። «ጋሽ አንጁሎ፣ መኪና እያለፈ ነው?» አልኳቸው። «የምን መኪና? ውሻ እንኳ የለም» አሉኝ። ከዚያ ቀና ስል የመቀየሪያው ምላስ ወደ ማምለጫው ዞሮ አየሁት። ቀጥ አድርጌው ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም፣ በእጄ ነክቼ ነው ቀጥ ያደረግሁት። ቀርከሃው ውኃ ጠጥቶ ስላደረ እየደረቀ ሲሄድ ይዞራል አልኩ ለራሴ፣ ንድፍ አስተማሪ ነኝ አይደል፣ ምክንያት አላጣም፣ እና በጣቴ ገፋሁና መለስኩት።

ያ የመጀመሪያው ነው።

ወረቀቱን አንስቼ ሙጫ ልቀባ ስል የጋለ ብረት ሸተተኝ። አገሬ ሸተተኝ ልበላችሁ፣ ባቡር ፍሬን ሲይዝ የሚሸተው፣ ከለገሃር ጀርባ ያደገ ሰው የማይስተው ሽታ፣ በአርባ ምንጭ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በጠመኔ ካርቶንና በተቀደደ ካርታ መሐል። ዞር ስል ሽቦዋ ስትንቀሳቀስ አየኋት። እንደ ነፋስ አይደለም። ቀስ ብላ፣ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ሰው በሁለት እጁ ሲስብ እንደሚያደርገው። ምላሱ ወደ ማምለጫው ሄደ።

«እመቤቴ» አልኩና ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አውራ ጣቴን ምላሱ ላይ ጫንኩና ገፋሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ጓድ ታምሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብለውኛል፣ ካድሬው ሊመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ የታዘዝኩትን የማደርግ ሰው ነኝ። ከጣቴ በታች ገፋኝ። ቀርከሃ ሰው አይገፋም፣ ይህ ግን ገፋኝ፣ በትዕግሥት የሚገፋ፣ ጉልበቱን የሚያውቅ እጅ። እልህ ያዘኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እልህ ያዘኝ፣ ክንዴን አጠንክሬ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጭኜ ሁለተኛ መለስኩት፣ ጣቴንም ሳላነሳ ያዝኩት። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ላቤ ጠረጴዛው ላይ፣ ጫሞ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ጋሽ አንጁሎ ቢላዋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉ። እኔን አዩ፣ ክፍሉን አዩ፣ ከበሩ ኋላም አዩ።

«የታለ ሰውየው?»

«የምን ሰው?»

«ልቀቂ፣ ልቀቂ የሚልሽ። ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁ ደክሟል።» ወደ አውራ ጣቴ ተመለከቱ፣ ከዚያ እንደሚያዝኑልኝ ሆነው፣ «ቲቸር፣ ይለምንሻል እኮ፣ ለምን አትለቂም?» አሉኝ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ማርያምን፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ግን ጣቴን አነሳሁ።

ምላሱ ጧ ብሎ ወደ ማምለጫው ሄደ። ወዲያው ድልድዩ ላይ የቀሩት ሁለት ፉርጎዎች፣ እስከዚያች ደቂቃ ንቅንቅ ሳይሉ የቆሙት፣ ቁልቁል መጡ፤ መቀየሪያው ላይ ደርሰው ወደ ማምለጫው ታጠፉ፣ የፊተኛው መጨረሻዋ ላይ በከመርኩት እፍኝ አሸዋ ውስጥ ገባ፣ የኋለኛው ተገለበጠና ሽቦዋ ላይ ወደቀ፣ አጎበጣት። ጣቢያው ላይ የቆመውን ባቡር ምንም አልነካውም። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አልፏል። ቀርከሃው ላይ መዳፌን ባሳርፍ ዝም ብሏል።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ ታምሩ ብቻቸውን መጡ፣ ካድሬው ስብሰባ ገብቷል አሉ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። «ጾሙ ነው፣ አዙሮሽ ነው፣ እኔ ስንቴ ነግሬሻለሁ» አሉና እትዬ አሰለፈች ጋ ወሰዱኝ። ከዚያ እስከ ሰኞ ድረስ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ፤ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ በር ቆልፌ መልሼ ሄጄ አየዋለሁ፣ ዳዊት ስደግም መስመር እዘላለሁ፣ አውራ ጣቴ ብቻውን ይዘላል። ለአባባ ደብዳቤ ጀመርኩ፣ «ደህና ነህ ወይ» ከሚለው በላይ አልሄድ አለኝ። እነሆ ሰኞ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ የደነገጥኩት ለዚህ ነው፣ ደግሞም ያልደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ለአርባው ይለፍ አውጥቼ ድሬዳዋ ሄድኩ። ከተዝካሩ ማግስት ወደ ጣቢያዋ ወረድኩ። ያን ረቡዕ የሆነው ይህ ነው፦ የመንገደኛ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሟል፣ ሰው ሞልቶታል፣ ከላይ ከዳገቱ ሁለት የጭነት ፉርጎዎች ተበጥሰው ቁልቁል ይመጣሉ። አባባ ወደ ማንሻው ሮጠ። ፉርጎዎቹ ወደ ማምለጫው ታጠፉ፣ መንገደኛው ሁሉ ዳነ። የኋለኛው ፉርጎ ግን ተገልብጦ ማንሻው ላይ ወደቀ፣ ከነአባባ።

መርማሪዎቹ ሐዲድ ቀያሪው ማንሻውን ሁለት ጊዜ ስቦ ሁለት ጊዜ መልሶታል፣ አመንትቷል፣ ጠጥቶ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። አባባ! ጠጥቶ! እናቴ ያንን ወረቀት ካነበቡላት ቀን ጀምሮ ከቤት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሄድ አፍራለች።

ጣቢያው ላይ ሻይ የምትሸጥ ዘሃራ የምትባል ሴት አገኘሁ፣ አባባ ሻዩን ከሷ ነው የሚጠጣው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት ብርጭቆዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

«ውሸታቸውን ነው፣ አይጠጣም» አለችኝ። «ግን ማንሻው ሁለቴ መመለሱ እውነት ነው። አንዴ ሳበ፣ ተመለሰ። እንደገና ሳበ፣ ተመለሰ፣ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ጮኸ፣ ልቀቂ! ልቀቂ! አለ፣ እኔን መስሎኝ ማንቆርቆሪያዬን ለቅቄ እግሬን ተቃጠልኩ፣ ይኸው ጠባሳው። ሦስተኛ ሲስብ እሺ አለው፣ ግን ፉርጎው ደርሶ ነበር።»

«በመጀመሪያው ቢሄድለትስ?»

ዘሃራ ከማንሻው ቦታ እስከ ሻይ ቤቷ ያለውን ሜዳ በዓይኗ ለካች። «ወላሂ እዚህ ደርሶ ተቀምጦ ሻይ ያዝዝ ነበር።»

«እጁስ? ማንሻው ሲመለስ እጁ ምን ያደርግ ነበር?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት፣ እህቴ። እጁን የሚያዩት ከባቡሩ ውስጥ ያሉት ናቸው።»

አርባ ምንጭ ስመለስ ኤግዚቢሽኑ አልፎ ነበር፣ ባቡሩ ተጨብጭቦለታል አሉኝ፣ አላየሁትም። ጠረጴዛው ግምጃ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ነው። ማምለጫ መስመሯ አፍ ላይ፣ ከወረቀቱ ሙዝ ሥር፣ አንድ የግራር እሾህ ተጋድሟል። ጋሽ አንጁሎን አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሱልኝም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን ከሰላምታ በፊት ቀድመው የሚያዩት አውራ ጣቴን ነበር።

ማንሻውን የሚይዘው ካስማ ተበልቶ ነበር፣ የራሱ ክብደት መልሶት ይሆናል፣ ያሉኝ የባቡር ሰዎች አሉ። ሊሆን ይችላል። ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፣ ስገጂ ያሉኝን ሰግጃለሁ። ዛሬም አርባ ምንጭ ነው የምኖረው፣ ያ ዘመን አልፏል፣ እኔ ግን አልፌ አልሄድኩም።

ስለዚህ በዚያ ክረምት፣ በፍልሰታ፣ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ባለችው በዚያች ትንሽ የቆላ ጣቢያ በቆመው ባቡር ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ ከፊተኛው ፉርጎ፣ በማንሻው በኩል ባለው መስኮት የተቀመጣችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ማንሻውን እሱ ራሱ መልሶት ከሆነ ስሙ እንደተጻፈው ይቀራል፣ እኔ ግን እተኛለሁ። እሱ እየሳበ ከእጁ ላይ ተመልሶበት ከሆነ ስሙ ይነጻል፣ እናቴም ቀና ትላለች፣ የእኔን ነገር ለእኔ ተዉት። ለማናችንም አዝናችሁ አታሳምሩት። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ ማንሻው ሁለቴ ሲመለስ እጁ የት ነበር?